የቁልፎች ስደት

ሰኞ፣ ጥር 6

ይህን ማስታወሻ እንድይዝ ያዘዘኝ ሐኪም አይደለም። ከሐኪም ጋር ጉዳይ የለኝም። ያዘዘኝ የማሳተሚያ ቤታችን አዲሱ የኮምፒውተር ኃላፊ ነው። ጢሙ ለመብቀል ገና እየተማከረ ያለ ወጣት ሲሆን፣ እሱ በሌለበት «ሊቀ ቁልፍ» የሚል ማዕረግ ሰጥተነዋል። «ጋሼ፣ በአዲሱ ፕሮግራም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጻፉ። ምንም ይሁን፣ ዝም ብለው ይጻፉ። እጅዎ ይለምዳል» አለኝ።

እነሆ እየጻፍኩ ነው። ምንም ይሁን ተብያለሁ፤ ምንም ነው።

ጠዋት የለመድነውን የመጻፊያ ፕሮግራም ከየማሽናችን ነቀሉት። ማውሶቻችንንም በካርቶን ሰብስበው ወሰዱ። የአራሚዎች ክፍል ትጥቁን የፈታ ጦር መሰለ። በምትኩ የመጣው ፕሮግራም ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው መጻፊያ ነው፦ ፊደል ስትጫን ፊደል ይወጣል፣ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ነገር። ሁለተኛው ማዘዣ ነው፦ ፊደል ስትጫን ትእዛዝ ይሆናል። አንዷ መስመር ትሰርዛለች፣ አንዷ ወደ ታች ትወስዳለች፣ አንዷ የሰረዝከውን ሌላ ቦታ ትለጥፋለች። ከአንዱ ጠባይ ወደ ሌላው የሚያሻግር ቁልፍ አለ። እንግዲህ ሰው ጣቱን ከማንሳቱ በፊት «አሁን እኔ ጸሐፊ ነኝ ወይስ አዛዥ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። እኔ ትዳር ይዤ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ማዘዝ አልለመድኩም።

ሥራ አስኪያጇ ሰብስባን «በመጋቢት አጋማሽ ሁላችሁም ትፈተናላችሁ» አለች። «ያለፈ ወንበሩ ላይ ይቀጥላል፤ ያላለፈ ወደ መጋዘን ይዛወራል። ማንም አይባረርም። እኛ ቤተሰብ ነን።»

መጋዘን ማለት የመጽሐፍ ካርቶን ማንሳት ማለት ነው። ካርቶን ለማንሳት ደግሞ ጥሩ… ጥሩ ወገብ ያስፈልጋል። ወገቤን እጠራጠረዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ሦስት አንቀጽ ተበላብኝ። መጻፊያ ላይ ያለሁ መስሎኝ ማዘዣ ላይ ነበርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ ብዬ ቀና ስል ገጹ ባዶ ሜዳ ሆኗል። መጽሐፉ ስለ ድርቅ ነበር፤ ድርቁ ጠፋ። ደራሲው ቢሰማ የኖቤል የሰላም ሽልማት ያሰጠኝ ነበር።

ከጎኔ የምትቀመጠው አራሚ ልጅ ምላጭ ናት። እዚህ ጎረቤቴ እላታለሁ። «ጋሼ አራት ነጥብ፣ ዛሬስ እርስዎ ነዎት የታረሙት!» አለችኝ። አራት ነጥብ የሚለውን ስም ያወጣችልኝም እሷ ናት፤ ሰው ወሬ ሲጀምር ቶሎ እዘጋበታለሁ አሉ። ወሬዋን ዘጋሁባት።

ሐሙስ፣ ጥር 9

የችግሩን ሥር ደረስኩበት፤ መንቀል አልተቻለኝም እንጂ። ፕሮግራሙ የሚታዘዘው በላቲን ፊደል ነው። እኛ የምናርመው በአማርኛ ነው። አንዲት ቃል ለመሰረዝ ከመጻፊያ ወደ ማዘዣ ትወጣለህ፣ ቁልፍ ሰሌዳውን ከአማርኛ ወደ ላቲን ትቀይራለህ፣ ትሰርዛለህ፣ ወደ አማርኛ ትመልሰዋለህ፣ ከማዘዣ ወደ መጻፊያ ትገባለህ። አንዱን ከረሳህ ማሽኑ ወይ እንደ ድንጋይ ዝም ይልሃል፣ ወይ ያላልከውን ያደርጋል። ክፍሉ በሙሉ ዛሬ ሲያምጥ ዋለ።

«አንድ ነጠላ ሰረዝ ከማጥፋት ቪዛ ማውጣት ይቀላል» አለች ጎረቤቴ።

የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት አኩርፋለች። ስጠራት ቆይታ ትመጣለች፤ ስትመጣም ሁለት ጊዜ ትመታለች። ቁልፍ ሰሌዳው አዲስ ስለሆነ ይጠነክራል።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

ቤት። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። መርፌ በጥርሷ ይዛ ስታወራ እንኳ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። ሻይ አቀበለችኝ። ብርጭቆው ሳህኑ ላይ ተንጫጫ።

«ብርጭቆውን ምን አስጨነቀው?»

«ሳህኑ ጎርባጣ ነው» አልኩ።

ሳህኑን አነሳችው፣ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ዳሰሰችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ሴት ልጅ ዝም ስትል ሒሳቡ የትም አልጠፋም ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሻዬ በወፍራም ኩባያ ቀረበ። ሳህን የለውም።

ሰኞ፣ ጥር 13

ሊቀ ቁልፍ ዘንድ ሄድኩ። እጅ ለመስጠት ነበር የሄድኩት፤ ዘውድ ጭኜ ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ የትኛውም ቁልፍ እርስዎ ወደፈለጉት ትእዛዝ ይቀየራል። ማስተካከያ ፋይል አለው። እዚያ ውስጥ ይጽፉለታል፣ እሱ ይታዘዛል።»

«የትኛውም?»

«የትኛውም።»

በዕድሜዬ ይህን ያህል ሥልጣን የሰጠኝ ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ አዋጅ ሳውጅ ዋልኩ። በአማርኛው ፊደል እንዲታዘዝ አደረግሁት፤ ላቲን የሚባል ጣጣ ቀረ። «ስ» ይሰርዛል። «ው» ይወርዳል። «ክ» ከፍ ይላል። «ል» ይለጥፋል። «ም» ያጠፋሁትን ይመልሳል። ግዛቴ አንድ ገጽ ብትሆንም እንደ ንጉሥ ነው የዋልኩባት።

አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልኩ። ማውስ የለም። ማውሱን ይዤ አንዲት ቃል ላይ ለማሳረፍ ስሞክር ያ ቀስት የሰከረ ዝንብ ይመስል የነበረው፣ ያ ሁሉ ንዴት… ቀርቷል። የተወሰደብኝ ነገር ሲያስደስተኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ማውሱ ብልሽት ነበረበት።

ረቡዕ፣ ጥር 22

ሥራ በዛ። ባጭሩ። የቀለበት ጣቴ ለትንሿ አዝና አብራት አኮረፈች። ቤተሰብ ናቸው፣ ምን ይደረግ። «ል» እና «ም» ቀኝ በኩል ስለሆኑ ወደ ግራ አሻገርኳቸው። አሁን ለመለጠፍ «አ»፦ አኑር። ለመመለስ «ት»፦ ተመለስ። ይህ የተሻለ ነው። የሚያምር አማርኛም ነው።

ዓርብ፣ ጥር 24

«ክ»ም ተሰደደ። ከፍ ለማለት አሁን «እ» ነው፦ እላይ። ቀኝ በኩል ያለው አገር ባዶውን ሊቀር ነው። ስደተኞቹ ግን በግራ በኩል ጥሩ ተቀባይነት አግኝተዋል፤ ጣቶቹ ብርቱዎች ናቸው፣ ሥራ ይወዳሉ።

ጎረቤቴ ማያ ገጼን አየችና «ጋሼ፣ ሁሉንም ነገር አንድ ጥግ አጨቁት እኮ። ምነው፣ ኪራይ ተወደደ?» አለች።

«ንፋስ ይገባል በዚያ በኩል» አልኳት። አራት ነጥብ።

እሑድ፣ ጥር 26

ባለቤቴ ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ማድመጥ አልነበረም፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ እኔም ግድግዳው አጠገብ ቆሜ ነበር።

«…በማንኪያ ነው አሁን የሚበላው። …ወድጄ ነው ይላላ! …ሸሚዙን? እኔ ነኝ የምቆልፍለት። ጎንበስ ብዬ ክር እንደማነሳ ሆኜ ነው የምቆልፍለት፣ እንዳይሰማው ብዬ። …አባቱም እኮ እንዲህ ነው የጀመራቸው።»

ይህ ስሕተት ነው፤ መታረም አለበት። አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ሱቁን የዘጋው ሰው ሰዓት ማሠራት ስለተወ ነው። ራሱ ነው የነገረኝ። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ነው የነገረኝ።

ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ ግን ክር ለማንሳት ብላ መስሎኝ ነበር። በእውነት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ዛሬ ሥራው ጥሩ ሄደ። ስለ ንብ እርባታ የሚያትት መጽሐፍ ነው፤ ደራሲው ንቡን ሁሉ «ታታሪዋ» ይላታል። ታታሪዋን አንድ በአንድ አወጣኋት። ው፣ ው፣ ስ። ው፣ ስ። እ፣ ስ። የማያስፈልግ ቃል ሲወጣለት ዓረፍተ ነገሩ ደረቱን ነፍቶ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም፤ ያሾፉብኛል። ግን ከዚህ ደስታ የሚበልጥ ደስታ በሕይወቴ ብዙ አላገኘሁም። ሌላው ሰው መጽሐፍ ይጽፋል፣ ቤት ይሠራል፣ ልጅ ያሳድጋል። እኔ የሰውን ዓረፍተ ነገር አስተነፍሳለሁ። ከዚህ ወንበር ስነሳ ማን እንደምሆን አላውቅም። ስነሳ የሚያጋጥመኝን ሰው ላውቀውም አልፈልግም።

በዚህ አያያዝ ፈተናውን አልፋለሁ። በአንድ እጅ እየሠራሁ እንኳ ከባለ ሁለት እጆቹ እቀድማለሁ።

«በአንድ እጅ» አልኩ እንዴ? በአንድ በኩል ማለቴ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

የለውጥ መዝገብ። ቀኝ እጅ በሙሉ ዕረፍት ወጥቷል። የቀኙን ክፍል ፊደል ለመጻፍ ግራ እጄ ድንበር ተሻግራ ትሄዳለች፣ ጉዳይዋን ትጨርሳለች፣ ትመለሳለች። ከመጻፊያ መውጫውንም ወደ «ፍ» አመጣሁት፤ ሁለት ጊዜ ሲመታ ይፈታኛል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

በጣም ተታለልኩ።

ባለቤቴ «ዓይኔ ደክሟል፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ፤ ሐኪም ዘንድ አድርሰኝ» አለች። አደረስኳት። ተራችን ሲደርስ «አንተ ቅደም» ብላ ከኋላ ገፋ አደረገችኝ። በሩ ላይ የተጻፈውን ያነበብኩት ከገባሁ በኋላ ነው። የዓይን ሐኪም አይደለም፤ የነርቭ ነው። ሠላሳ ዓመት ያነበብኩ ሰው በር ሳላነብ ገባሁ።

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው። «እስቲ አውራ ጣትዎንና ጠቋሚ ጣትዎን እንዲህ ያጋጩ» አለኝ። አጋጨሁ። ግራው እንደ ጭብጨባ ሄደ። ቀኙ… ቁርስ አልበላሁም ነበር። «እስቲ ይራመዱ።» ተራመድኩ። «አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉልኝ።» ብዕር ሰጠኝ። «ዛሬ ሚስቴ አታለለችኝ» ብዬ ጻፍኩ። ስጀምር ፊደሉ ባቄላ ያህል ነበር፤ ስጨርስ ጤፍ አከለ።

«መቼ ነው የጀመረዎት?»

«ጥር ላይ» አልኩ።

«አቻምና ነው፣ ዶክተር» አለች ከኋላዬ። «አቻምና ሰርግ ላይ የሰው ልብስ ላይ ሾርባ የደፋ ጊዜ። ‹ተገፍቼ ነው› አለ። ከኋላው ሰው አልነበረም።»

ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ ረጅም ነው፣ አርትዖት ይፈልጋል። መድኃኒት ጻፈልኝ። «ይድናል ወይ?» አልኩት። «እንቆጣጠረዋለን» አለኝ። እኔ አራሚ ነኝ፤ ላልጠየቅሁት ጥያቄ መልስ ሲሰጠኝ አውቃለሁ። «ብዙውን ጊዜ በአንድ ጎን ይጀምራል» ሲል ደግሞ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር ዋጠው። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። የዋጠውን ማስተፋት የእኔ ሥራ አይደለም።

ወደ ቤት አመራን። መንገድ ስንሻገር ቀኝ እጄን ያዘችኝ። እሷ ስትይዛት ትንሽ ጸጥ አለች።

ረቡዕ፣ የካቲት 13

መድኃኒቱ ያቅለሸልሻል። ለመሥሪያ ቤት አልነገርኩም። ከፈተናው በፊት የታመመ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፦ «ይረፉ፣ ጋሼ» ይባላል። ያረፈ ሰው ደግሞ ተመልሶ ሲነሳ አላየሁም።

ዓርብ፣ የካቲት 22

ሊቀ ቁልፍ ባጠገቤ ሲያልፍ ቆመ። ቀኝ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ትንሽ ተመለከተኝና ሄደ። የተመለከተው ምንድን ነው? እጄን ነው? ኪሴን? ጎረቤቴን ጠየቅኋት።

«የሚያምሩ ሰው ነዎት፣ ተማርኮ ይሆናል» አለች።

ሰኞ፣ መጋቢት 2

እንቅልፍ የለም። ባለቤቴ «ንገራቸውና ይገላግሉህ» ትላለች። መገላገል የሚለውን ቃል አልወደድኩትም።

«አንቺ ሴትዮ፣ መጋዘን ካርቶን ነው የሚያሸክሙኝ!»

«በየትኛው እጅህ?» አለች።

ጮክ ብዬ ተናገርኳት። ምን እንዳልኩ እዚህ አልደግመውም። እሷ መልሳ አልጮኸችም፤ የስፌት መኪናዋን እየነዳች የሰው ቀሚስ ጠርዝ ሰፋች። ስፌቱ ግን እንደ ልማዷ ቀጥ አላለም፤ ስትተረትረው አየሁ። ሄጄ ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ። ሄጄ «ክሩ ጠመመ» አልኳት። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ሰኞ፣ መጋቢት 16

አለፍኩ።

ስሕተት የሞላበት ረጅም ጽሑፍ ሰጡን። ጠዋት ነበር የጀመርነው። ቀኝ እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ እንደ ዶሮ ተቀመጥኩባት። ግራዬ እንደ ተለቀቀች ፈረስ ጋለበች። ው፣ ው፣ ስ፣ አ፣ እ፣ ት። ከሁሉም ቀድሜ ጨረስኩ። ቀና ስል ሊቀ ቁልፍ ከኋላዬ ቆሟል፤ አፉ ተከፍቷል።

«ጋሼ… ቀኝ እጅዎን ጨርሶ አልነኩበትም እኮ!»

አለቀልኝ አልኩ። አፌ ግን ከእኔ ቀድሞ የሚለው ነገር አያጣም። «ቀኝ እጅ ችኩል ነው፣ ልጄ» አልኩት በከበደ ድምፅ። «አራሚ መቸኮል የለበትም። ስለዚህ ቀኝን አስቀምጦ በግራ መሥራት ነው።»

ይህን በማስታወሻው ጻፈው! ማስተካከያ ፋይሌንም ለመነኝ፤ ሰጠሁት። እየሳቅኩ ነው ቤት የገባሁት። ባለቤቴ ከተጋባን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስስቅ ያየችኝ ይመስል ፈራች።

ጎረቤቴ ወደቀች። ሌሎችም ብዙ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 18

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሥራ አስኪያጇ ፊርማ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ከዛሬ ጀምሮ የሁሉም አራሚ ማሽን በእኔ ማስተካከያ ፋይል ይሠራል። ስሙ «የአንድ እጅ አሠራር» ነው። ምክንያቱ ተዘርዝሯል፦ ወጥነት፣ ፍጥነት፣ የአእምሮ እርጋታ፣ እንዲሁም «ቀኝ እጅ ለስልክና ለሰነድ ነፃ መሆኑ»። የወደቁት አዲሱን አሠራር ሠልጥነው ዳግም ይፈተናሉ። አሠልጣኙ እኔ ነኝ።

አሥር አሥር ጤነኛ ጣት ያላቸው ሰዎች ከእንግዲህ በአምስቱ ብቻ ሊሠሩ ነው። አዋጁ የእኔ ነው። ሕመሜ የመሥሪያ ቤት መመሪያ ሆነ፤ ማኅተምም አለው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

«ጋሼ፣ ምን በድዬዎት ነው?» አለች ጎረቤቴ። ቀልዷ ተሟጧል። «ሁለት እጅ ይዤ ነው የተወለድኩት። እናቴም ምስክር ናት። ይኼኛውን ምን ላድርገው? ላከራየው?»

ልነግራት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ልምምድ ነው» አልኳት።

ከምሳ በኋላ ውኃ መጠጫው ጋ አገኘችኝ። ከውኃ ጠርሙስ ክዳን ጋር እየታገልኩ ነበር፤ ጠርሙሱን በብብቴ ይዤ፣ በግራዬ እየጠመዘዝኩ። ቀኝ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበረች፣ ኪሱ ግን ይንቀሳቀሳል። ጎረቤቴ ኪሱን አየች። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጠርሙሱን ከብብቴ መዘዘችና ከፍታ ሰጠችኝ።

«ፋብሪካው ነው፣ በጣም ያጠብቃሉ» አለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

ይህች ምላጭ። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም። ዳግም ብትወድቅ ካርቶን የምትሸከመው እሷ ናት። ከሰዓቱን ሙሉ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ በግራዋ ስትለማመድ ዋለች፤ ያየችውን ለማንም አልተናገረችም፤ ብትናገር ግን ለእሷ ይሻላት ነበር።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 21

ከሰኞ ጀምሮ ሥልጠናው ስለሚዘጋጅ ማስታወሻዬን ቤት ሆኜ እየጻፍኩ ነው። ባለቤቴ አንገትጌ እየለካች ነው። «ንገራት ለዚያች ልጅ» አለችኝ፤ የመሥሪያ ቤቱን ወሬ ሁሉ አውርቼላታለሁና። «ሥራ አስኪያጇንም ንገራት። የደህና ሰዎችን እጅ አስረህ…»

ትክክል ናት። ሰኞ እነግራለሁ። ብነግር አሠራሩ ይሻራል፣ ጎረቤቴ በሁለት እጇ ዳግም ተፈትና ትድናለች፣ እኔም «ይረፉ፣ ጋሼ» እባላለሁ። ጥሩ ነው። ፍትሕ ነው። ሰኞ።

ሰኞ፣ መጋቢት 23

አልነገርኩም። ሥራ አስኪያጇ ስብሰባ ላይ ነበረች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 24

ዛሬም ስብሰባ ላይ ነበረች። እውነቱን ለመጻፍ፣ ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ሻይ እየጠጣች ነበር። በመስታወቱ አየችኝና እጇን አወዛወዘችልኝ። ግራዬን አወዛወዝኩላት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 25

ለነገው ሥልጠና ስለማመድ ዋልኩ። አንዳንዴ አንድ መስመር ልወርድ ስፈልግ ሦስት እወርዳለሁውው። ቁልፍ ሰሌዳው አርጅቷል። አዲስ ነበር፤ በጥር አዲስ ነበር፤ ግን ብዙ ተሠርቶበታልና አርጅቷል። በሌላ ማሽን ላይ ሞከርኩ። ያም አርጅቷል። ጎረቤቴ በሌለችበት በእሷም ሞከርኩ።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ማሽኖች ሁሉ አርጅተዋልው።

ወደ ቀኝ የሚመለስ ነገር የለም። ከግራ ወዲያ ደግሞ ጠረጴዛው ያልቃል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 26

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ፤ የእኔ ገጽ በትልቁ ግድግዳ ላይ ይታያል። ሥራ አስኪያጇ በር ላይ ቆማለች። ሊቀ ቁልፍ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጻል። «ቀኝ እጅ ጭን ላይ» አልኩ። ያ ሁሉ ሰው ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አኖረ። ጎረቤቴ ከፊት ተቀምጣለች፤ መጀመሪያ ያረፈችው የእሷ እጅ ናት።

አዳራሹን ዞር ብዬ አየሁት። ሁሉም በአንድ እጅ። ሁሉም እንደ እኔ። አንድ እንግዳ ሰው ቢገባና «ከእነዚህ መካከል በሽተኛው የትኛው ነው?» ቢባል መለየት አይችልም። ከአቻምና ወዲህ እንዲህ ቀለል ብሎኝ ተቀምጬ አላውቅም። ቢቻለኝ ሥልጠናውን እስከ ዕድሜዬ መጨረሻ አራዝመው ነበር።

«መጀመሪያ መውረድ» አልኩ። «ው።» ጣቴን አሳረፍኩ።

ግድግዳው ላይ ጠቋሚው ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ወረደ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ትረግጣለች፣ ትነሳለች፣ ትረግጣለች። ሁሉም ግድግዳውን ያያሉ። ጎረቤቴ ብቻ እጄን ነው የምታየው።

ከኋላ አንድ ሰው ጠየቀ፦ «ጋሼ፣ መታ መታ መታ ማድረግ ነው እንዴ? አንዴ አይበቃም?»

ሥራ አስኪያጇ መልሱን ትጠብቃለች። ስልኩ ይቀርጻል። «አይበቃም» አልኩ። «እንደዚህ ነው። መታ መታ።»

እሺ አሉ። ታዛዦች ናቸው፤ መጋዘን አለባቸው። የአዳራሹ ግራ እጅ ሁሉ ተነሳና ይመታ ጀመር፣ እኔ እንደመታሁት፣ በዚያው ፍጥነት። ጠረጴዛዎቹ ተንቀጠቀጡ። ቆርቆሮ ላይ እንደወረደ ዝናብ ነበር። ሥራ አስኪያጇ በደስታ ራሷን ነቀነቀች። ጎረቤቴም ከእነሱ ጋር ትመታ ነበር፣ ከሁሉም አብልጣ፤ ጉንጯ ግን ረጥቧል።

«በቃ» አልኳቸው።

ሁሉም አቆሙ። የእኔዋ ግን አልሰማችኝም።